የቤቱ ባለቤት ማን ነው?

ፒንሳው አዳለጠውና ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

"እሰይ!" አለ ማስተር ለራሱ። "እሰይ፣ የኔ ጀግና!"

ግማሹ ቁልፍ ፒንሳው አፍ ላይ ቀርቷል፤ ግማሹ ቀዳዳው ውስጥ ተሰንቅሯል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ቁልፍ ሲቀርጽ የኖረ ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ ሰበረ ቢባል ማን ያምናል? ሰፈሩ "ማስተር" ያለው እኮ የማይከፍተው በር ስለሌለ ነው። በሥራው ላይም ቀልድ አያውቅም ነበር። ቁልፍ አስመስሎ ለማስቀረጽ የሚመጣውን ሁሉ "የቤቱ ባለቤት ማን ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ ካልመጣ ባልም ይሁን ተከራይ፣ እግሩ ላይ ቢወድቁ አይቀርጽም። አሁን ግን ቁርጥማት አሥሩንም ጣቶቹን አጣጥፎ ይዞታል። ፒንሳውን እንኳ የያዘው በሁለት መዳፎቹ መሃል አጣብቆ ነው።

ጣቶቹ እምቢ ካሉት ወዲህ ትልቋ ልጁ ማታ መጥታ ከውጭ ትቆልፍበታለች፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ትከፍትለታለች። ሳይቆለፍ ይደር እንዳይባል፣ ባለፈው ክረምት ሌባ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞበት ሄዷል። ይህም አልበቃት ብሎ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ እሷ ቤት የኋላ ክፍል እንዲገባ፣ ይኸኛውም ቤት እንዲከራይ ወስናለች። ዛሬ ቀድሟት በሩን ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ሊጠብቃት ነበር ሐሳቡ። "ይኸው፣ ከፈትኩት" ሊላት።

ኮቴዋ ተሰማ። ቁልፏ ቀዳዳውን ሁለት ሦስቴ ነካካና አልገባ አለ።

"አባዬ፣ ምን አድርገኸው ነው?"

"ሰበርኩት።"

"ምኑን?"

"ቁልፉን ነዋ! አፍንጫዬን መሰለሽ?"

ከውጭ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ስምንት መቶ ተማሪ በአንድ ፊሽካ ጸጥ ታሰኛለች። አባቷን ጸጥ ማሰኘት ግን እስከ ዛሬ አልሆነላትም።

"በቃ! ቅዳሜንም አልጠብቅ፣ ዛሬውኑ ትሄዳለህ። በሩን የሚሰብር ሰው ልጥራ።"

"በሬን የሚሰብር ወዮለት! ባትሪን ጥሪው።"

"ማንን?"

"ሰምተሽኛል።"

ባትሪ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ባለሱቅ ነው፤ ያለ ቁልፍ የሚከፈቱ መቆለፊያዎች ይሸጣል። ስሙን ያወጣለት ራሱ ማስተር ነው። "በባትሪ የሚሠራ በር? ባትሪው ያለቀ ቀን ውጭ ታድሯታላችሁ!" እያለ ስንት ገበያ እንደዘጋበት እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሰፈሩም ቀልዱን ወዶ ስም አድርጎት ቀረ። አሁን ይህን ሰው ለእርዳታ መጥራት መራራ ኪኒን ሆነበት። የልጅ ቤት የኋላ ክፍል ከመግባት ግን ይሄን መዋጥ ይቀላል ብሎ ዋጠው።

ባትሪ ድሪሉን ይዞ መጣ። አልሳቀም፣ አልተሳለቀም። ይሄ ማስተርን ይበልጥ አናደደው።

"ቀስ በል፣ እንጨቱን እንዳትነካብኝ!" ይላል ከውስጥ። "ትንሽ ከፍ አድርገው... እንዲያ! ይሄን መቆለፊያ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ አመሉን አውቀዋለሁ።"

"ባለቤቱንም መስሏል" አለ ባትሪ።

በሩ ሲከፈት ልጁ የአባቷን መዳፍ አየች። ፒንሳው ልጦት ደም ነክቶታል።

"እጅህን እየው! ምን ሆነህ ነው አንተ ሰው?"

"የታመመው እጄ ነው። እኔ ከውጭ የሚቆለፍብኝ ዕቃ አይደለሁም" አላትና ወደ ባትሪ ዞረ። "ያን መጫወቻህን አምጣው።"

ባትሪ መጀመሪያ ያመጣው በአሻራ የሚከፈተውን ነው። "ጣትዎን ማስነካት ብቻ ነው፤ እጁን ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም" አለ ኮራ ብሎ። ማስተር አውራ ጣቱን እንደምንም አስጠጋ። መቆለፊያው ጢጥ ብሎ ቀይ አበራ። ሌላ ጣት፤ ቀይ። ባትሪ ጣቱን በጨርቅ ጠረገለት፤ አሁንም ቀይ። ወደ ብርሃን አቅርቦ ቢያየው ጣቱ ልሙጥ ነው። ለካ ሞረዱ በዚያ ሁሉ ዓመት ከቁልፉ ጋር ጣቱንም ሲሞርደው ኖሯል።

"በቃ ተወው አባዬ" አለች ልጁ ቀስ ብላ። "በሩ እንኳን አላወቀህም።"

ይቺ ንግግር አንገበገበችው።

"እንግዲያው እኔ አሳውቀዋለሁ! ቁጥር የሚነካ የለህም? እጀታው የማይዞር፣ ወደ ታች የሚጫን?"

"አለ። ግን ማስተር፣ እሱም ጣት ይፈልጋል።"

"ማን ጠየቀህ? አምጣው ብቻ።"

ሲገጠም አጠገቡ ቆሞ ባትሪን ዘጠኝ ጊዜ አረመው። ቁጥር የመምረጡ ተራ ሲደርስ ሁለቱንም "ፊታችሁን አዙሩ" አላቸው። ከዚያ በታጠፈው ጣቱ አንጓ አራት ቁጥር አንድ በአንድ መታ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አረንጓዴ በራ። እጀታውን በክርኑ ተጫነውና በሩ ተከፈተ። ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። ሰው አጠገቡ ባይኖር ኖሮ ይዘል ነበር።

"ባትሪው ቢያልቅስ?" አለች ልጁ፤ የአባቷ ልጅ አይደለች!

"ወር ቀድሞ መጮህ ይጀምራል። ለክፉ ቀን ደግሞ እነዚህ አሉ" አለ ባትሪ፤ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ለማስተር ሰጥቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ልጁ ስልኳን አወጣች። "እሺ፣ ቁጥሩ ስንት ነው? ልመዝግበው።"

ማስተር አያት።

"የቤቱ ባለቤት ማን ነው?"

"አባዬ፣ እኔ ደንበኛህ አይደለሁም እኮ።"

"ማን ነው?"

"አንተ ነህ" አለች። "ግን ብትወድቅስ? ማንም ሳያይህ ወድቀህ ብትቀርስ?"

ይሄን እሱም ይፈራዋል፤ ብቻውን ሲሆን ስንቴ አስቦታል። ከሁለቱ ቁልፎች አንዱን በመዳፉ ገፋ አድርጎ እጇ ላይ ጣለላት።

"የወደቅኩ ዕለት በዚህ ትገቢያለሽ። በሌላው ቀን ታንኳኪያለሽ።"

"ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ እናንተ ጋ ምሳ እበላለሁ። ማታ ቤቴ እገባለሁ።"

ሁለቱን ሸኝቶ በሩን በክርኑ ዘጋው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የልጁ ኮቴ ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ቁልፏን ትከተው ይሆን ብሎ ጆሮውን ሰጠ። ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ በቀስታ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ቦርሳዬን ረስቼ ነው።"

"መጣሁ" አለ ማስተር። ግን አልቸኮለም።