አንዱን ዙር ሦስት የሚል ቆጣሪ

«አሁን በሐዘን ቤት ብሎን ይፈታል?» አለ አጎቷ፣ የቡና ስኒውን እንደያዘ በሥራ ክፍሉ በር ብቅ ብሎ። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ሳሎን ለተቀመጡት እንግዶች ብሎ ነው።

«አንድ ነገር ልይ ብዬ ነው፤ መጣሁ» አለችው።

አባቷን የቀበሩት ትናንት ነው። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ማለቱ ሲበዛባት፣ አባቷ ዕድሜውን ወደ ጨረሰባት ጠባብ ክፍል ሸሸች። ጠረጴዛው ላይ በእጀታ የሚዞረው የሽቦ መጠምጠሚያው ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ ጡብ የሚያክል አሮጌ ካልኩሌተር። ከካልኩሌተሩ ጎን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው ወደ መጠምጠሚያው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅምና ጀርባውን ከፈተችው።

ሽቦዎቹ ከካልኩሌተሩ «እኩል ይሆናል» (=) ቁልፍ ሥር ተበይደዋል። ክብ፣ ንጹሕ፣ የአባቷ ብየዳ። ሌላው ጫፋቸው እጀታው በዞረ ቁጥር የሚነካካ የብረት ምላስ ላይ ታስሯል። ካልኩሌተሩ ላይ አንድ ሲደመር አንድ ነክታ እጀታውን አዞረችው፤ ቁጥሩ ጨመረ። ለካስ ዙር መቁጠሪያ አድርጎታል።

ድሮ ያ ሥራ የእሷ ነበር። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሲመጣ አባቷ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል፣ እሷ ዙሩን ትቆጥራለች። እሱ የእጅ ሥራ እንጂ ቁጥር አይሆንለትም፤ መንገደኛ በመስኮት ሰላም ካለው የቆጠረው ሁሉ ብን ይልበታል። ዙሩ ካነሰ ደግሞ ዕቃው መልሶ ይቃጠላል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ይላት ነበር።

ሩቅ ከተማ ሄዳ ኤሌክትሮኒክስ የመማር ዕድል ሲመጣላት «ማን ይቆጥርልሃል?» ብላ አንገራገረች። ቀና እንኳ ሳይል «ካንቺ የተሻለ ቆጣሪ አግኝቻለሁ፤ ሂጂ» አላት። ሄደች፤ ቅሬታዋንም ይዛው ሄደች። በስልክ «ያ ቆጣሪህስ?» ስትለው «ወርቅ ነው፤ ተሳስቶ አያውቅም» ይላታል። ለአባቷ እንደማታስፈልገው እያሰበች ኖረች።

ከሳሎን የአንድ ደንበኛ ድምፅ ተሰማ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ለአንዲት ትራንስፎርመር ስንት ቀን ያመላልሰኝ ነበር። ያመጣኋትን ዕቃ ከነመኖሯ ከረሳኋት በኋላ ነው የሚደውልልኝ።» ሰዎች በሐዘን ቤት ደንብ፣ አፋቸውን ሸፈን አድርገው ሳቁ።

እጀታውን ደግማ አዞረች። አንድ ዙር፤ ካልኩሌተሩ ግን ሦስት ጨመረ። ሌላ ዙር፤ ሁለት። የብረት ምላሱ ሲነካ ይንቀጠቀጣል፣ ካልኩሌተሩም አንዱን ንክኪ ብዙ አድርጎ ይቆጥራል። እናቷ ስትገባ እዚያው ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ አይሠራም።»

«መች ሠርቶ ያውቃል?» እናቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ሲጠመጥም ይውልና ሲሞክረው አልሆን ይለዋል፤ ፈትቶ እንደ አዲስ። ስንቴ ነገርኩት፣ ለልጅቷ ንገራት ብዬ። ‹ከሰማች ትምህርቷን ጥላ ነው የምትመጣው› ይለኛል። እኔንም አፍሽን ያዢ ብሎ አስምሎኛል።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነባት። የዚህን ብልሽት መፍትሔ እኮ ገና ትምህርት ስትጀምር ነው የተማረችው። በስልክ ብትነግረው ይበቃ ነበር። ተናደደችበት፤ ናፈቃትም።

ከአባቷ የመለዋወጫ ጣሳዎች የንክኪውን መንቀጥቀጥ የምታበርድ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ፈልጋ አወጣች። መበየጃውን አጋለችና በሁለቱ ሽቦዎች መሀል በየደቻት። እናቷ መብራቱን አስጠጋችላት።

እጀታውን በቀስታ አዞረች። አንድ ጨመረ። አሁን ደግሞ እሱ እንደሚያደርገው በፍጥነት አዞረች፤ ልክ በልኩ ቆጠረ።

«አባባ፣ ና እየው፤ ሠራ» ብላ ወደ ሳሎን ተጣራች።

የሳሎኑ ወሬ ቀጥ አለ። እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ቀረ። እናቷ ከበርጩማው ተነሥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችላት።