የአባባ ዝገት

አባቴን ያሳሳተው ድንቁርና አይደለም፤ አንድ ቃል ነው። ዝገት። ቃሉን ማን በጆሮው እንደጨመረበት ስለማውቅ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ግራ እግሩ ከዳው። ጥቂት እንደተራመደ ሕመም ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። ሐኪሙ የእግሩ ደም ሥር መጥበቡን ነገረው። ኪኒን አዘዘለት፤ ሲጋራ እንዲተው፣ ሲያመው እያረፈ ሲተወው እንደገና እየተነሳ በየቀኑ እንዲራመድ መከረው። ካልሆነ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችልም አልደበቀውም። ይህን ሁሉ የነገረው ሳያስቀምጠው፣ በር ላይ ቆሞ ነው።

ሲጋራውን እያጉረመረመ ተወ። መንገድ ላይ ሕመሙ ሲይዘው ግን፣ ሰው እንዳያውቅበት፣ የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ ይቆም ጀመር። እንደ ክፉ ዕድል ሆኖ ባቱ የሚጠዘጥዘው ሁልጊዜ አንድ ሱቅ ፊት ነው፤ “የተፈጥሮ መድኃኒት” የሚሸጥ ሰው ሱቅ። ሰፈሩ “ፕሮፌሰር” ይለዋል። ነጭ ጋውን ስለሚለብስ ነው እንጂ ያስተማረበት ቦታ የለም።

ፕሮፌሰሩ ወንበር አወጣለት። “አባት፣ ደም ሥርዎ ዝጓል። ይህ እንክብል ጸረ ዝገት ነው፤ ቀስ አድርጎ ያሟሟዋል” አለው።

ለሌላው ሰው ይህ የገበያ ወሬ ነው። ለቧንቧ ሠራተኛ ግን የሥራ ትእዛዝ ነው። አባባ እንክብሉን ይዞ ቤት ገባ፣ የሐኪሙን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ከተተና አልጋው ላይ ወጣ።

“ለምን አትራመድም?” አልኩት።

“ያረጀ ቧንቧ አይነካካም። ከነቀነቅሽው ዝገቱ ይረግፍና ታች ወርዶ ይወተፋል። መጀመሪያ ይሟሟ።”

“ደም ሥር ብረት አይደለም፣ አባባ። ያጠበበው ግድግዳው ውስጥ የተከማቸ ስብ ነው። ኬሚስትሪ እኮ ነው የማስተምረው።”

“አስተምሪያ። ማን ከለከለሽ?”

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። “እነዚህ የቫይታሚን እንክብሎች በብዙ ሺህ ሰው ላይ ተሞክረው የማንንም ደም ሥር አልከፈቱም” አልኩት። “ጎመንና ብርቱካን ብላ ብትለው ኖሮ አመሰግንህ ነበር። አንተ ግን አልጋ ላይ ጣልከው።”

“እህቴ፣ እኔ አይራመዱ አላልኩም” አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። “ለንዴትም የሚሆን አለኝ፤ ላሳይዎት?”

ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ጠበቀኝ።

“ጮህሽበት አሉ” አለ አባባ። “እሱ ወንበር ነው የሰጠኝ። ሌላ ማን ሰጠኝ?”

ክርክሩ ውሃ አያነሳም፤ ወንበሩ ግን እውነት ነው። እግሩ እየቀዘቀዘ ነበርና ተሟግቼም ለምኜም ወደ ክሊኒኩ መለስኩት። ያየችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ አስቀመጠችው። ከዚያ ስለ ቧንቧው እስከ መጨረሻው አስወራችው።

“እንበልና ዋናው መስመር ተደፈነ” አለችው። “መንገዱን መቆፈርም አልተፈቀደልዎትም። ምን ያደርጋሉ?”

“በጎን ሌላ መስመር እዘረጋለሁ። ይሄ ምን ይጠየቃል?”

“እግርዎም ይህን ሥራ ይችላል። በጎን ያሉት ቀጫጭን ሥሮች እየሰፉ ደሙን ያሳልፋሉ። ግን ደንበኛው ካልጮኸ ማን መስመር ይዘረጋለታል? ጡንቻው ሲሠራ ነው ደም አነሰኝ ብሎ የሚጮኸው።”

አባባ ባቱን አሻሸ። “ታዲያ ይሄ ሕመም…”

“ደንበኛው ነው። አልጋ ላይ ሲተኙ አፉን ዘጉት። ኪኒኑን ደግሞ አያቋርጡ፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚጠብቅልዎ እሱ ነው።”

ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?”

ነግሬው ነበር። “ተጓዳኝ የደም ዝውውር” ነበር ያልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሲወጣ “ደንበኛዬን ላስጩኸው” ይላል። ኪኒኑ ከመሳቢያ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የእንክብሉን ብልቃጥ አጥቦ ብሎን ማስቀመጫ አደረገው። መጀመሪያ ሰሞን እየቆመ፣ እየተራገመ፣ የፕሮፌሰሩ መስኮት ፊትም እያረፈ ነበር። ወንበሩ ሲወጣለት ይቀመጣል፤ እንክብል ግን አይገዛም። ይህንንም ቢሆን አልወደድኩለትም።

ትናንት ፊቱ በርቶ ገባ።

“ፕሮፌሰሩን ሳልቆም አለፍኩት። ወንበሩን ይዞ ወጥቶ በእጁ እንደያዘ ቀረ።”

“የት ቆምክ ታዲያ?”

“ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። የሙሽራ ልብስ መሸጫው ጋ። ሻጯ ወጥታ ለማን ነው አለችኝ።”

“ምን አልካት?”

“ለልጄ ነው፤ ጠበኛ ስለሆነች ጊዜ ይወስዳል፣ እኔ ግን በየቀኑ እየመጣሁ አያለሁ አልኳት።” ጫማውን እየፈታ ትንሽ አሰበ። “ለነገሩ ብዙም አልመላለስባትም። ከእሷ አለፍ ብሎ ጫማ ቤት አለ፤ በቅርቡ እዚያ እደርሳለሁ።”