ቀኙ ጉንጭ እስኪደርስ

ሜካፕ ሠሪዋ ቡኒ ሰው አታይም፤ ቅርጽ ነው የምታየው። አውቶቡስ ውስጥ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ለሌላው መንገደኛ ሥራ ያደከመው ሰውዬ ነው፤ ለእሷ ግን ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ የመንጋጋው ሁለት ጫፎች ትንሽ ጠቆር ቢደረጉ የሚለዝብ። የጎረቤቷ ልጅ ልብ ናት፤ ግንባሯ ሰፊ፣ አገጯ ሹል። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ እንደተቀመጡ ሳይታዘዙ ይንቀሳቀሱና የማያውቁትን ሰው ጉንጭ በአየር ላይ ይቀባሉ። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው አንዳንዴ ቦታ ይቀይራል።

ስሟን ያወጣላት የቴሌቪዥን ጣቢያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፊት የሚጠቆርበትን ቡኒ ዱቄት፣ ብሮንዘር፣ ስትነካ ኖራ የቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ቡኒ ሆነው ቀሩ፤ በሳሙናም በሎሚም አልለቅ አሉ። ከዘበኛው እስከ ዜና አንባቢው "እትዬ ቡኒ" ነው የሚላት። ስለ ሥራዋ የጠየቃት ሰው ካለ መልሷ አጭር ነው። "ረዥሙን ፊት ከላይና ከታች አሳጥረዋለሁ። ክቡን ከግራና ከቀኝ እሸርፈዋለሁ። ማዕዘን ያለውን ማዕዘኑን እደብቅለታለሁ። እንቁላል የመሰለውን እግዜር ጨርሶ ስለላከው እኔ አቧራውን ብቻ አራግፋለሁ።"

የዚያን ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የዋናዋ ዜና አንባቢ ድምፅ ተዘጋ። ሲያናግሯት ከአፏ የሚወጣው የበር ማጠፊያ ዓይነት ድምፅ ብቻ ሆነ። የዜና ክፍሉ ኃላፊ በኮሪደሩ እየሮጠ መጣና፣ "ስኮርትን ጥሩልኝ!" ብሎ ጮኸ።

ስኮርት ተጠባባቂዋ አንባቢ ናት። ከመኪና ኋላ ታስሮ እንደሚዞር ትርፍ ጎማ፣ ሌላው ካልፈነዳ የማትወርድ። ስሙን ያወጡላት ትርፍ ጎማን ስኮርት የሚሉት ሾፌሮቹ ናቸው። ስቃ ተቀበለችው፤ ወደደችው ማለት ግን አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ዜናውን ከዋናዋ እኩል ስታጠና፣ ተኳኩላ ስትጠብቅ፣ ተኳኩላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ኖራለች። ዛሬ ተጠራች። የቀትሩ ዜና ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምራል።

ቡኒ ብሩሾቿን ፎጣ ላይ ደርድራ ትጠብቃት ጀመር። የዚህችን ልጅ ፊት ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች፤ ረዥም ነው፣ ጉንጮቹ ገባ ያሉ ናቸው። ብሮንዘር ከጸጉሯ ሥር፣ ብሮንዘር ከአገጯ ሥር፣ አለቀ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

በሩ ተከፈተና ስኮርት እስከ ዓይኗ በሻርፕ ተጠቅልላ ገባች። በሩን በጀርባዋ ዘጋችው፤ ቁልፉንም አዞረችው።

"ምነው? ባንክ ልትዘርፊ ነው?" አለች ቡኒ።

"እትዬ፣ በእናትዎ እንዳይጮሁ።"

ሻርፑን ፈታችው።

ግራ ጉንጯ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ተነፍቷል። ቀኙ እንደ ወትሮው ረዥምና ገባ ያለ ነው። አፍንጫዋን ድንበር አድርገው ሁለት ሴቶች አንድ አንገት የተከራዩ ይመስል ነበር።

"ጥርሱ ነው?"

"የትላንቱ ጥርስ ነው። እንዳሉኝ ሌሊቱን ሙሉ በትኩስ ጨርቅ ያዝኩት። በየሰዓቱ እየተነሳሁ ውሃ አፈላሁ። ሕመሙስ ሻል ብሎኛል፤ ግን ይኸው።"

ቡኒ ትላንት ምን ብላት እንደነበር አስታወሰች። እጇ በሌላ ሰው ጉንጭ ላይ ነበር፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማ "ጥርሴን አመመኝ" ስትላት ዞር እንኳ ሳትል፣ "ትኩስ ነገር ያዢበት፣ ይተውሻል" ብላ ሸኘቻት።

"ለኃላፊው ለጋሼ እንንገራቸው፤ ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል" አለች ቡኒ።

"ይገባቸውና ያን የስፖርት ዜና የሚያነበውን ስፖርተኛውን ያስገባሉ! ከረቫቱን አስሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የለ? ጉሮሮውን ሲጠርግ አይሰማዎትም? እትዬ፣ ዛሬ ካላነበብኩ እንደታሰርኩ ነው የማረጀው።"

እውነትም ከበሩ ወዲያ "እህ፣ እህም" ይሰማ ነበር።

"ተቀመጪ" አለች ቡኒ።

መጀመሪያ የምታውቀውን አደረገች። ክብ ነገር በጥቁሩ ይሸረፋል። ከጆሮዋ ተነስታ በጉንጯ አጥንት ሥር፣ ከዚያም እስከ መንጋጋዋ ጠርዝ ብሮንዘሩን በሰፊው ብሩሽ አወረደችው። ብሩሹ በነካት ቁጥር ስኮርት የወንበሩን እጀታ ትጨመድዳለች፤ ድምፅ ግን አታወጣም። መስታወቱ ውስጥ ሲታይ ክፉ አልነበረም። ቡኒ ግን መስታወት አታምንም። ካሜራማኑን በስልክ ጠርታ በጓሮ በር አስገባችው። ምሥጢር ይጠብቃል፤ ምላሱን ግን አይጠብቅም።

ካሜራማኑ መብራቱን አብርቶ ትንሿን ካሜራ ደቀነና በስክሪኑ ላይ ያየው ነገር አስደነገጠው።

"ማነው በጥፊ ያጮላት?"

"አሳየኝ።"

እውነትም ጥፊ ነበር። መስታወት ላይ ጥላ የነበረው እዚያ ሰንበር ሆኗል።

"ጥርሴ ነው" አለች ስኮርት። "ሌሊቱን ሙሉ በትኩስ ጨርቅ ይዤው ነው ያደርኩት።"

"በትኩስ? ያበጠ ነገር በትኩስ ይያዛል እንዴ? ይብስበታል እንጂ! በበረዶ ነው እኮ። ማነው ይህን የመከረሽ ጠላት?"

ቡኒ ብሩሹን በፎጣው ጠረገችው፤ ንጹሕ እንደነበር ዘንግታ ደግማ ጠረገችው። ስኮርት በመስታወቱ ውስጥ አንድ ጊዜ አየቻትና ዓይኗን መለሰች።

"ክሊኒክ መሰለህ? መብራቱን ያዝልኝ" አለች ቡኒ በቁጣ።

ቀለሙን ጠርጋ እንደገና ቀባች፤ አሁን ቀለል አድርጋ። ደግማ ጠረገች። ደግማ ቀባች። ለሦስተኛ ጊዜ ራቅ ብላ ስታይ አንድ ነገር ታያት። ከሩብ ሰዓት በፊት ከጉንጯ አጥንት ሥር ያስቀመጠችው ቡኒ መስመር አሁን የጉንጯ አናት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። መስመሩ አልሄደም፤ ከሥሩ ያለው ጉንጭ ነው የሚያድገው።

"እትዬ፣ እየጨመረ ነው አይደል?"

"ዝም በይ፤ ስታወሪ ይንቀሳቀሳል።"

በሩ ተንኳኳ። "ቡኒ! አላለቀችም?" ኃላፊው ነው።

"ዓይኗ ላይ ነኝ ጋሼ!"

"ከቅድም ጀምሮ ዓይን? ስንት ዓይን ነው ያላት?"

"ሁለት ነው ጋሼ፤ ግን ተራርቀዋል!"

"አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ አያታለሁ። ካላለቀች ስፖርተኛው ያነባል።"

"እህም" አለ ስፖርተኛው እዚያው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከአሥር ይላል። ቡኒ ከወንበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ወንበሩ ተመላለሰች። ክፍሉ አራት እርምጃ ነው፤ በአምስተኛው ግድግዳ ይገጥማል።

"እትዬ፣ ቀኙ ጉንጬ ውስጥ ጥጥ ልጎስጉስ?"

"ጥጥ ጎስጉሰሽ ዜናውን በምንሽ ልታነቢ? በአፍንጫሽ?"

ይህን ብላ መንገዷን ልትቀጥል ስትል ቆመች። ከጠረጴዛው ላይ የዜናውን ወረቀት አነሳችና የልጅቷን ፊት ቀኝ ግማሽ ሸፈነችው። የቀረችው ሴት ጉንጯ የሞላ፣ ጠግባ ያደረች፣ ማንም የማያስቸኩላት ሴት ናት። ወረቀቱን ወደ ግራ አዞረችው። የቀረችው ስድስት ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው ናት። ሁለቱም ለየብቻቸው ምንም አልሆኑም። ጥፋቱ መጎራበታቸው ነው።

"ላወፍርሽ ነው" አለች ቡኒ።

"እ?"

"ግራውን ማክሳት አቃተኝ። ቀኙን አወፍረዋለሁ።"

በሃያ ዓመት ውስጥ "አወፍሪኝ" ብሎ ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። የመጣ ሁሉ "እትዬ፣ ጉንጬን ቀንሺልኝ" ነው የሚለው። ስለዚህ እጇ እምቢ አላት። ብሮንዘሩን ነክሮ በለመደው መንገድ ወደ ቀኙ ጉንጭ ጎድጓዳ ሊወርድ ሲል በግራ እጇ ያዘችው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደምትይዝ። ብሮንዘሩን ከጸጉሯ ሥርና ከአገጯ ሥር ብቻ አደረገችው፤ ፊቱ አጠረ። በጎድጓዳው ውስጥ ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ የፈካ ፓውደር ሞላች፤ ጎድጓዳው ብቅ አለ። የጉንጭ ቀዩን እንደ ወትሮው አግድም ሳታስረዝም በክቡ አዞረችው። ጸጉሯን ከግራ በኩል ወደ ፊት ለቀቀችው፤ ከቀኝ ወደ ኋላ አስያዘችው።

"አንተ፣ ስቱዲዮ ሂድና ትልቁን መብራት ወደ ቀኟ ግፋልኝ።"

"ትልቁ መብራት በግራ ነው የሚቆመው። እንዲህ ተደርጎ አያውቅም" አለ ካሜራማኑ።

"እሷስ ተደርጋ ታውቃለች?"

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቡኒ ቁልፉን አዞረችና ኃላፊው ገባ። ከበስተኋላው የስፖርተኛው ከረቫት ብቅ አለ። ኃላፊው የስኮርትን ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ አየ፤ ከአገጯ ወደ ግንባሯ ተመለሰ። ቡኒ ጣቶቿን ከጀርባዋ ደበቀች፤ እዚያም ሆነው አላረፉም።

"አንቺ ልጅ፣ ወፈርሽ እንዴ?"

ስኮርት አፏን ሳትከፍት ፈገግ አለች።

"ተስማምቶሻል! ድሮ ለሙከራ ስትቀረጪ እኮ ምሳ ያልበላሽ ነበር የምትመስይው። በይ ግቢ፣ ግቢ!"

ዜናው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ቡኒ ፓውደሩንና ብሩሹን ይዛ ከካሜራው ጀርባ ቆመች፤ መቆም ከተባለ። አንዱን እግሯን አንስታ ሌላውን ትጥላለች። ስኮርት ታነባለች። ቃላቱን በጥንቃቄ፣ በርጋታ፣ አንድ በአንድ ታስቀምጣለች፤ አፏን በሰፊው ከከፈተችው ያማታል። በየቤቱ የሚያያት ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ የተረጋጋች ሴት ነው የሚያየው።

ሞኒተሩ ላይ ግን ቡኒ ብቻ የምታየው ነገር ተጀመረ። ግራው ቀኙን ጥሎት እየሄደ ነው።

በስምንተኛው ደቂቃ ስለ ድልድይ ግንባታ የተቀረጸ ዘገባ ገባ። ሁለት ደቂቃ አላቸው። ቡኒ በሽቦዎቹ ላይ እየዘለለች ሮጠች።

"ምን ሆነ?" አለች ስኮርት በሹክሹክታ።

"ቀኙ ወደ ኋላ ቀርቷል።"

ፓውደሩን ደፋች፣ በጣቷ ዳር ዳሩን አጠፋች፣ ቀዩን አሰፋች።

"አንድ ደቂቃ!" አለ ካሜራማኑ።

"ያምሻል?"

"ሁሉ ነገሬን። ያምራል?"

"እኩል ነው።"

"አሥር ሰከንድ! እትዬ ቡኒ፣ አብረው ሊያነቡ ነው?"

ቡኒ በአራት እግሯ ከካሜራው ሥር ሹልክ ብላ ወጣች። ድልድዩ አለቀ፤ ስኮርት ወደ ካሜራው ቀና አለች። የቀሩትን አምስት ደቂቃዎች ቡኒ ሞኒተሩን በአንድ ዓይኗ ነው ያየችው።

መብራቱ እንደጠፋ የስኮርት ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው፤ ድምፃቸው ስልኩን አልፎ ስቱዲዮውን ሞላው።

"ልጄ! ወፈርሽልኝ እኮ! ተመስገን! ይኼን ሁሉ ዘመን አጥንትሽን ስቆጥር ኖሬ! ምን በልተሽ ነው?"

"ምንም እማዬ። ከትላንት ጀምሮ ውሃ እንኳ በግድ ነው የወረደልኝ።"

"ወይ አንቺ! መቀለዱንማ ትችዪበታለሽ!"

ኃላፊው እጆቹን እያፋተገ መጣ። "ነገም አንቺው ነሽ። የዋናዋ ድምፅ እስኪመለስ ሳምንት ይፈጃል ብለዋል ሐኪሞቹ። ብቻ ይቺን ፊት እንዳትለውጪብኝ።"

ፊቷን ለማጠብ ጊዜ አልነበረም። ቡኒ ልጅቷን በክንዷ ይዛ በቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪም ቤት ሮጠች። ታክሲው ውስጥ "እኔ ነኝ ያሳበጥኩሽ" ልትል ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። ሦስቱንም ጊዜ ያወጣችው ሌላ ነው፤ አንዴ "ይሞቃል"፣ አንዴ "መስኮቱን ልክፈተው?"፣ አንዴ ለሾፌሩ "በግራ ታጠፍ" አለችው። ሾፌሩ ባለ አራት ማዕዘን ነበር። ጣቶቿ ግን ዛሬ ለሾፌሩ ጊዜ አልነበራቸውም፤ የቦርሳዋን ዚፕ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ሐኪሙ ስኮርትን አስተኛትና ፊቷ ላይ ጎንበስ አለ። አንዱን ጉንጭ አየ፤ ሌላውን አየ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

"የቱ ነው?" አለና መልስ ሳይጠብቅ ቀኙን ጫን ጫን ያደርግ ጀመር። "እዚህ ጋ?"

"ግራው ነው! ዶክተር፣ ግራው ነው!" ቡኒ ከበሩ ተወርውራ ገባች።

"ሁለቱም እኩል ነው እኮ። ቀኙን ታዲያ ምን አሳበጠው?"

"ቀኙን ያሳበጥኩት እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ጥጥ በውሃ አርሶ ቀኙን ጉንጭ ጠረገው። ጉንጩ ከእጁ ሥር ሰመጠ። ጥጡን አየ፤ ቡኒን አየ፤ ሳቁን በጭምብሉ ውስጥ አፈነው። ከዚያ የስኮርትን አፍ ከፍቶ ግራውን በመብራት ሲያይ ግንባሩ ተኮማተረ።

"ይኼ እዚህ ድረስ ባልደረሰ ነበር። በትኩስ ነገር ይዘሽው ነበር?"

ስኮርት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?"

ስኮርት ዓይኗን ጣራው ላይ ተከለች። ጠዋት ካሜራማኑ ሲጠይቃት ዝም እንዳለችው ዝም አለች። አፏ ክፍት ስለሆነ አልነበረም፤ ጠዋት ክፍት ሳይሆንም የቡኒን ስም አላነሳችም። ቡኒ ያን ዝምታ አሁን አወቀችው።

"እሱንም ያልኳት እኔ ነኝ" አለች። "ዞር ብዬ ሳላያት ነው የነገርኳት። ሃያ ዓመት የሰው ጉንጭ ስይዝ ኖሬ፣ የሷን ሳላይ።"

ሐኪሙ "ወንበሩ ላይ ይቀመጡ እናቴ" ብሎ መርፌውን አነሳ። ቡኒ ግን አልተቀመጠችም። ጥርሱ ተነቅሎ ሳህኑ ላይ ኳ እስኪል ድረስ በክፍሉ ውስጥ ተመላለሰች፤ ይኼኛው ስድስት እርምጃ ነበር።

ስኮርት ደም ለማቆም የተሰጣትን ጥጥ ነክሳ ቀና ብላ ተቀመጠች። በግማሽ ታጥባ በግማሽ ተቀብታ፣ ማስካራዋ ወርዶ፣ በመስኮቱ መስታወት ራሷን አየች።

"ነገስ?" አለች በጥጡ መሐል።

"ነገ ግራው ከጎደለ ግራውን እሞላዋለሁ። ካልጎደለ ቀኙን።"

"ሁለቱም ከጎደሉብዎትስ?"

"እንግዲህ በረዥሙ ፊትሽ ታነቢያለሽ፤ ጋሼም ይለምዱታል።"

ስኮርት ጥጡን ወደ ጥግ ገፋ አደረገችው። ለመሳቅ ሞከረች፤ የሳቀው ግን ያልደነዘዘው ቀኙ ብቻ ነው።

"አይጨነቁ እትዬ" አለች። "ካልሆነልን ትኩስ ጨርቅ አለ።"