ቀይ ያልነካው ወረቀት

ሊንታንግን ወደ ፓሬ ያመጣቻት ዊናርሲህ ራሷ ናት፤ ያንን ቀን አሁን ስታስበው ጥርሷን ትነክሳለች። ፓሬ በጃቫ ደሴት ላይ ያለች፣ እንግሊዝኛ የቸገረው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚመጣባት ከተማ ናት። ብስክሌት ተከራይቶ ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጣል፤ ማደሪያው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ መናገር ክልክል ነውና ጃቫኛ ከአፉ ያመለጠው የሁሉንም ሰሃን ያጥባል።

ዊናርሲህ ከሲጋራ ፋብሪካ ወጥታ እዚህ ስትገባ ሰሃን ስታጥብ ነው የከረመችው። እንደ ምንም ሰው ሆነችና የአክስቷን ልጅ ጠራቻት። ሊንታንግ ያኔ ዓረፍተ ነገር ጀምራ መጨረሻው የሚጠፋባት ልጅ ነበረች። በማደሪያው ደንብ፣ የባልንጀራ ቀይ እስክሪብቶ ሳያየው ለኃላፊው ለፓክ ዳርሶኖ የሚሰጥ ጽሑፍ የለም። የሊንታንግን ወረቀት የምታቀላው ዊናርሲህ ነበረች፤ ደስም ይላት ነበር። ማስተማር ደስ የሚለው ተማሪው እስኪደርስብን ድረስ ነው መሰለኝ።

ሊንታንግ ደረሰችባት፤ አልፋትም ሄደች። ዊናርሲህ አንድ አንቀጽ ስታምጥ እሷ እያንጎራጎረች ሁለት ገጽ ትጨርሳለች። ፓክ ዳርሶኖ የሊንታንግን ጽሑፍ ለክፍሉ ጮክ ብለው ሲያነቡ ዊናርሲህ ትቀናለች። እንዳይታወቅባት ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች።

የጽሕፈት አስተማሪዋ አግብታ ስትሄድ አንድ ቦታ ተከፈተ። አንድ ብቻ። ሁለቱም በጽሑፍ ለመወዳደር ተመዘገቡ። ዊናርሲህ ካጣችው የሚጠብቃት ያው ፋብሪካ፣ ያው የትምባሆና የቅርንፉድ ሽታ ነው። ሊንታንግ ግን ገና ልጅ፣ አባቷም የሩዝ ማሳ ያለው። ምን ጎደለባት?

“ምባክ፣ እስቲ እይልኝ” አለች ሊንታንግ ምሳ ላይ፤ ምባክ የምትላት እንደ ታላቅ እህቷ ስለሆነች ነው። የውድድሩን ጽሑፍ ከሩዙና ከኦቾሎኒ ወጡ አጠገብ አኖረችው።

“አንቺ ደግሞ! ምን ቀረሽና?”

“ኧረ ተይ! ያላንቺ እኮ ስሜንም አልጽፍ።”

የሚበሉባት ምግብ ቤት ባለቤት ቡ ቱሚራህ ከድስታቸው ቀና አሉ። “ዊናርሲህ፣ ወዮልሽ! ይቺ ልጅ አስተማሪ ሆና ሰሃን ታሳጥብሻለች።”

ሁሉም ሳቀ። ዊናርሲህም ሳቀች፤ ወረቀቱንም ወደ ራሷ ሳበችው።

ጽሑፉ በሊንታንግ አባት ማሳ ላይ ስለ መጣ ጎርፍ ነበር። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው፤ ዊናርሲህን ያናደዳትም ይኸው ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን የግሶቹ ጊዜ ተምታቷል። በጃቫኛ ትናንትም ነገም በአንድ ግስ ስለሚኬድ የሀገሩ ልጅ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ዊናርሲህ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ወረቀቱን ሳትነካ መልሳ ከደነችው።

“ምንም አይወጣለትም” አለች።

ሊንታንግ ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን ገላልጣ አየችው። “ምንም?”

“ምንም አልኩሽ እኮ! ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል።”

ቦታውን ያገኘችው ሊንታንግ ናት። በደስታው ቀን ማደሪያው ውስጥ ቢጫው ሩዝ እንደ ወጉ ጫፉ ሾጠጥ ተደርጎ ተከመረ፤ ጫፉን ባለ ድሉ ይቆርጥና ከሰው ሁሉ ይበልጥ ውለታ ለዋለለት ይሰጣል። ፓክ ዳርሶኖ “ጽሑፏ ላይ አንድም ስህተት አላገኘሁም” እያሉ ለእንግዳው ሁሉ ያወራሉ። ዊናርሲህ ከኋላ ቆማ ይህን ስትሰማ ግራ ገባት። ሦስተኛው አንቀጽስ?

ሊንታንግ ጫፉን ቆርጣ ፓክ ዳርሶኖን አልፋ መጣች። ሰሃኑን በዊናርሲህ እጅ አስቀምጣ ጆሮዋ ሥር በጃቫኛ አንሾካሾከች፦

“ሦስተኛውን አንቀጽ አስተካከልኩት፣ ምባክ። አንድ ቀን እንኳ ወረቀቴን ሳታቀዪ መልሰሽልኝ አታውቂም። ነጩን ስትሰጪኝ ደነገጥኩና ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ብዪ።”

ዊናርሲህ የሊንታንግን ፊት አየችው። ቂም ፈለገች፤ ቂም ብታገኝ እንዴት በቀለላት! አልነበረም። በእንግሊዝኛው ሲገርመኝ በደግነቱም በለጠችኝ አለች በልቧ፤ ቅናቱ እንደ አዲስ አንገበገባት። ሩዙን ጎረሰችው።

“ጃቫኛ! ሰማናት!” ብሎ አንዱ ጮኸ። “አዲሷ አስተማሪ፣ ወደ ሰሃን!”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

“ተዉአት” አለች ዊናርሲህ። “የሷን እኔ አጥባለሁ።”

ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች። ፊቷን ማንም እንዳያየው ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ማጠብ ጀመረች።