ኦጁሉና ቴኒስ ተጫዋቹ ሽመላ

የኦጁሉ እጅ ዝም ማለት አያውቅም። ባጃጅ ወደ ኋላ ሲሄድ ካየ ማንም ሳይጠራው ከኋላው ይቆምና «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ይላል፤ ሾፌሩ ቢፈልግም ባይፈልግም። ጎረቤት ቁም ሣጥን ሲያስገባ በሩ ላይ ቆሞ የሚያዘው እሱ ነው፤ ሲሸከም ግን ታይቶ አይታወቅም። ሚስቱ ዶርቃ «ቸርች ሲዘመር እጁን ሲያነሳ እኔ ጣሪያውን ቀና ብዬ አያለሁ፤ የሚያርፍ ነገር ካለ ብዬ» ትላለች።

አይፈረድበትም፤ ሥራው ነው። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላኑ መሬት ከነካ በኋላ ወደ መቆሚያው ሲመጣ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ኦጁሉ ነው። የታንኳ መቅዘፊያ የመሰሉ ሁለት ዱላዎች ይዞ «ወደ እኔ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ቁም» ይለዋል። ያን የሚያክል ብረትም ይታዘዝለታል። ቤቱ ውስጥ ዶሮ እንኳ እንደማይታዘዝለት ሰፈሩ ያውቃል፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚህ ሥራው ሌላ የሚኮራው በመጀመሪያ ልጁ በአጅዋንግ ነው። አጅዋንግ ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ቁመቷ የአባቷ፣ ምላሷ የእናቷ ነው። ከተማው መሃል፣ ገበያው ዳር፣ ከይሪያ የምትባል ሴት ጌም ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከይሪያ ከፊት ጨርቅ ትሸጣለች፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርገህ ስትገባ ቴሌቪዥኖቹ ተደርድረው ጩኸቱ ሌላ ነው። እግር ኳሱ እንዳለ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከተማውን ያሳበደው ቴኒስ ነው።

ቴኒስ ሲባል ያ ነጭ ለባሾቹ የሚጫወቱት እንዳይመስላችሁ። የካርቱን ነው። የሚጫወቱት ከድሮ ጌሞች የተሰበሰቡ ዝነኞች ናቸው፤ በካሴት ጌም ጊዜ ከድልድይ ድልድይ ሲዘል የኖረው ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ፣ ዕንቁ ትለቅም የነበረችው ባለ ቀሚሷ ጉማሬ፣ ቦት ጫማ ያደረገች ደመና፣ እግሩ ከሰውነቱ የሚረዝም ሽመላ። ሁሉም ጡረታ ወጥተው ጊዜ ማሳለፊያ ያገኙ ይመስላሉ። ኳሱ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ እሳት ይለብሳል። ጉማሬዋ ነጥብ ስታገባ ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ዳቦ ጋጋሪው ሲሸነፍ ኮፍያው እንደ ሊጥ ሙሽሽ ይላል።

ተጫዋቹም ተቀምጦ ቁልፍ አይጫንም። ቆሞ በሁለት እጁ አጫጭር ዱላ ይይዛል። የቀኙ ራኬት ነው፤ ሲወዘውዙት ይመታል። የግራው ሰውዬውን ወዲያ ወዲህ ያስሮጣል። ሁለቱን ከራስ በላይ ካጣመሯቸው ጨዋታው ቀጥ ይላል። ከይሪያ በዚህ ላይ ሕግ አውጥታለች፤ ኳስ አየር ላይ እያለ ጨዋታ ያቆመ ነጥቡን ያጣል። ሊሸነፍ ሲል እያስቆመ ስልክ የሚያወራ ሰው አስቸግሯት ነው።

አንድ ከሰዓት ዶርቃ የቤቱን ቁልፍ ለልጇ እንዲያደርስ ኦጁሉን ላከችው። መጋረጃውን ሊገልጥ ሲል ኛኬር የምትባል የነርስ ተማሪ አጅዋንግን ስትጠይቃት ሰማ።

«አባትሽ ግን ሥራው ምንድነው?»

«ኤርፖርት ነው።»

«ኤርፖርት ምን?»

«ቢሮ። ኮምፒውተር ላይ።»

ኦጁሉ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። ኮምፒውተር! ሰውዬው የስልኩን ድምፅ የሚቀንስለት ሰው ፍለጋ ሰፈር የሚዞር ነው። ወንበር ላይ ከቆየ ወገቡን ያመዋል። ሌላ ሰው ቢለው በሳቅ ይሞት ነበር። ቁልፉን ለከይሪያ ሰጥቶ ወጣ፤ ከይሪያም ፊቱን አይታ «ሻይ ልጥራልህ» ለማለት እንኳ አልደፈረችም።

ቤት ሲደርስ ዶርቃ ዓሣ ትልጣለች።

«ዶርቃ፣ የኔ ሥራ ያሳፍራል?»

«ማን አለ?»

«ማንም።»

ዶርቃ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ትምህርት ቤት እያለች ‹የእጅ አውለብላቢው ልጅ› ይሏት ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች መጥታ ለአባዬ እንዳትነግሪ አለችኝ።»

«አንቺም አልነገርሽኝም።»

«ብነግርህ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመህ ልጆቹን በእጅህ ታሰልፋቸው ነበራ!»

እውነቷን ነው፤ ያደርገው ነበር። ኦጁሉ ሳቀ። ዓሣው ሲቀርብ ግን አልበላም፤ «ቢሮ» የምትለዋ ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆማበታለች።

በማግስቱ በረራው እንዳለቀ ሰደርያውን ሳያወልቅ ጌም ቤት ገባ። የከይሪያ ወንድም ሸሪፍ በዳቦ ጋጋሪው አንዱን ጎረምሳ እያሰቃየ ነው። ሸሪፍ ከጎን ስልክ ይሸጣል፤ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ልጅነቱን ግን ካሴት ጌም ላይ ስለጨረሰው እዚህ ቤት እስካሁን የረታው የለም። ይህንንም ስልክ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ሳይናገር አይሸጥም።

«ሸሪፍ፣ ቅዳሜ ከኔ ጋር ትጫወታለህ» አለው ኦጁሉ።

«አንተ? ወላሂ፣ በምን እጅህ?»

«አውሮፕላን በማቆምበት እጄ።»

ያለው ለሸሪፍ ነው፤ ያየው ግን አጅዋንግን። አጅዋንግ ጎንበስ ብላ ያልተቋጠረ ገመድ ስትፈታ ቆየች። ኛኬር አንዴ ሰደርያውን፣ አንዴ አጅዋንግን አየች። ኦጁሉ ዋንጫ አልፈለገም፤ ዋንጫም የለ። የፈለገው ልጁ በሰው ፊት ማንነቱንና ሥራውን እንድትናገር ነው። ካሸነፍኩ ትናገራለች ብሎ አሰበ። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ያለ ሂሳብ ይሠራል።

ቅዳሜ ጌም ቤቱ ጢም አለ። ከገበያው ነጋዴው፣ ከኤርፖርቱ ሻንጣ ጫኞቹ መጡ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ለመብረር ከዲማ የመጣ ኃይለኢየሱስ የሚባል ወርቅ ቆፋሪም ቦርሳውን ታቅፎ ማዕዘን ላይ ቆሟል። ኦጁሉ ከዝነኞቹ ሁሉ ሽመላውን መረጠ።

«ወንድምህን አገኘኸው!» አለ ሸሪፍ። «እግር በእግር!»

«የእኔ ሆድ የለውም» አለ ኦጁሉ። «ያንተ ግን ከነሆዱ ነው።»

ዳቦ ጋጋሪው ኳሷን ላካት። ኦጁሉ ኳሷ ወደ እሱ ስትመጣ ሲያይ፣ እጁ ለዘመናት የለመደውን አደረገ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ሁለቱን ዱላ ከፍ አድርጎ «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ» ብሎ ጠራት። ኳሷም ታዘዘች፤ መጣች፤ አለፈች። ሽመላው ባለበት ቆሞ አየሩን ይቀዝፋል።

«አሥራ አምስት!» አለች ከይሪያ። አንድ ኳስ አሥራ አምስት የሚያወጣበት ጨዋታ ለነጋዴ የተሠራ ነው እያለች ሁልጊዜ ትገረማለች።

ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። ሦስተኛዋ እሳት ለብሳ ስትመጣ፣ ኦጁሉ ደረሰች ያለበት ቦታ ላይ ዱላዎቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ቀጥ አለ። ጨዋታው ተገተረ። ኳሷ አየር ላይ ቀረች።

«ቆመች!» አለ ኦጁሉ፣ ከልቡ ረክቶ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከይሪያ መጋረጃውን ይዛ «ቆመችማ! ነጥቡም ሄደ!» ትላለች። ሻንጣ ጫኞቹ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሸሪፍ ዓይኑን እየጠረገ «ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርግላት እንጂ፣ እንዳትንሸራተት!» አለ።

ወርቅ ቆፋሪው ነገሩ አልገባውም። «እኚህ ሰውዬ ምን ነካቸው?» አለ ጮክ ብሎ። «ዝንብ ነው የሚያባርሩት?»

ይሄኛው ሳቅ ከፊተኛው የተለየ ነበር። የሚያውቁት ሲስቁበትና የማያውቀው ሲስቅበት አንድ አይደለም። የኦጁሉ እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ወደ ልጁ ላለማየት ሽመላውን አየ።

«ዝንብ አይደለም!»

አጅዋንግ ናት። ጠረጴዛዋን ትታ መሃል ገብታለች።

«አባቴ ነው። ሰኞ የምትሳፈርበት አውሮፕላን ሲመጣ ፊቱ ቆሞ የሚያቆመው እሱ ነው፤ በነዚህ እጆቹ። አብራሪው እላይ ተቀምጦ ጎማው የት እንደሚረግጥ አያይም፤ የሚያየው አባቴን ነው። አባቴ ና ካላለው አይመጣም!»

«አብራሪ አይደሉም ማለት ነው?» አለ ኃይለኢየሱስ።

«ማብረሩንማ ማንም ያበርራል!» አለች፤ ምላሷ የእናቷ ነው ብለናል። ከዚያ ወደ ኛኬር ዞረች። «ዋሽቼሻለሁ። ቢሮ የለውም። ኮምፒውተርም አያውቅም።»

«ሰደርያውን ሳይ ገብቶኛል» አለች ኛኬር። «ቆንጆ ሰደርያ ነው።»

ኃይለኢየሱስ ቦርሳውን አስቀምጦ በሁለት እጁ ኦጁሉን ጨበጠው። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ሰኞ ደግሞ ተቀይመው ሜዳው ላይ እንዳይተዉኝ።»

የኦጁሉ አማርኛ እንደሆነ የገበያ ነው፤ ለዚህ የሚበቃ አልነበረውም። አፍንጫውን በክንዱ ጠረገና «ጨዋታው አላለቀም» አለ።

አጅዋንግ ጠጋ ብላ በአኝዋክኛ ሹክ አለችው። «አባዬ፣ ኳሷን አውሮፕላን አታድርጋት። አውሮፕላኑ ሽመላው ነው። እሱን ነው ቦታው ላይ የምታደርሰው። ወደ ግራ የምትለውን ምልክት ታውቀዋለህ አይደል?» ብላ ራሷ እጇን ዘርግታ አሳየችው። አንዱ ክንድ ቀጥ፣ ሌላው ጠራ ጠራ፤ ልክ እንደ እሱ። ኦጁሉ ልጁን አያት። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ያየችው ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ባጃጅ ሲያስቆም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የገበያው ሰው አሁንም ድረስ እያሳደገ ያወራዋል። ኦጁሉ ኳሷን ማየት ተወ። ሽመላውን ብቻ ያያል፤ «ወደ ግራ» ይለዋል፤ ያ ረጅም እግር ይንጠራራል፤ ቦታው ላይ ሲደርስ በቀኝ እጁ አንድ ጊዜ ነው፣ ጧ! ዳቦ ጋጋሪው ሆዱን ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ኮፍያው ሙሽሽ አለ። ሸሪፍ ላቡን በሸሚዙ ጠረገ። «የሚጫወተው ይሄ ሰውዬ ነው ወይስ ሽመላው?» ሲል ከይሪያ «ዝም ብለህ ምታ!» አለችው፤ ገና ድሮ ወንድሟን ከድታለች።

ተካከሉ፤ የምትወስነው አንዲት ኳስ ቀረች። የመጨረሻዋ ኳስ ረጅም ሆና ወደ ኋላ ማዕዘን ሄደች። ኦጁሉ ሽመላውን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለው። ሽመላው ልክ ቦታው ደረሰ። እንዲያ ልክ ሆኖ ሲደርስለት፣ የኦጁሉ እጆች ከራሱ በላይ ሄደው ተጣመሩ።

ጨዋታው ቀጥ አለ።

«ነጥቡ የሸሪፍ ነው» አለች ከይሪያ፣ ሕጓ እያስጠላት። «አሸነፍክ።»

«ይሄ ደግሞ ማሸነፍ ነው?» አለ ሸሪፍ ዱላዎቹን እያየ። የሰማው የለም። ሻንጣ ጫኞቹ ኦጁሉን ትከሻ ላይ አውጥተውታል፤ ራሱ ከቆርቆሮው ጋር እየተማታ ነው። አጅዋንግ ከታች ሆና እየሳቀች «ቦታው ከደረሰ ማቆም ነው ሥራው! ያቆማላ!» እያለች ላልጠየቃት ሁሉ ታስረዳለች።

ሰኞ ከይሪያ ጌም ቤቱን ዘግታ ስትመጣ ሰፈሩ ግማሹ ኤርፖርቱ አጥር ላይ ነበር። ኦጁሉ ሜዳው ላይ ቆሟል። አውሮፕላን ፊቱ እያለ ዞር ማለት አይፈቀድም፤ ስለዚህ አልዞረም። ሰደርያው ግን ተተኩሷል፤ ጀርባውም ከወትሮው ቀጥ ብሏል። እጆቹን ሲዘረጋቸው ከወትሮው ሰፉ።

«ኧረ ቀስ፣ ክንፍ ታወጣለህ» አለች ዶርቃ ለራሷ።

ከጎናቸው አንዲት እንግዳ ሴት ዘመድ ልትቀበል መጥታለች። አጅዋንግ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ያ ብርቱካናማ ለባሹ አባቴ ነው። ቆይ፣ እጁን እይው። አሁን ወደ ግራ ይለዋል።»

አውሮፕላኑ ወደ ግራ ዞረ።