የቀርከሃ ቢላ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳርቻ ዓሣ እየቀደደች አንጀት ስታወጣ የኖረችውን ሴት ገበያው ሁሉ «እማማ ቢላ» ይላታል። እጇን የሚጠራጠር ካለ ዓሣ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። የእሷ ኩራት ግን ልጇ ናት፤ ቅርፊት መሀል ያደገችው ልጅ ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሳ የውኃ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

የቆርቆሮ ፋብሪካው እጣቢውን ወደ ሐይቁ መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ዓሣው የሚተነፍስበት ስንጥቡ እየጠቆረ፣ ጉበቱም እጅ ላይ እየፈረሰ መምጣቱን መጀመሪያ ያየችው እናት ናት። ልጅ ጉበቱን መረመረች፤ ዚንክ የሚባለው ብረት በዝቶ ተገኘ። ጎረቤት «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ልጅሽን ምከሪ» ቢላት፣ «ዘንዶው ከወጣማ ደግ፤ ሐይቁ ለዓሣው ይቀርለታል» ብላ አፉን አስያዘችው።

ዘንዶው ግን በገዛ ባልዲዋ በኩል መጣ። ልጅቷ ውጤቱን ይዛ አቤት ያለችበት ኮሚቴ ፊት፣ የፋብሪካው ባለሙያ ዓሣው ወደ ላቦራቶሪ በምን እንደተጓዘ ጠየቀ። ልጅቷ መዋሸት አታውቅበትም፤ በእናቴ የቆርቆሮ ባልዲ አለች። ሰውየው ሳቀ። ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ስለሆነ የተገኘው ዚንክ የባልዲው ነው ብሎ ተከራከረ፤ ኮሚቴውም የምርመራ ወረቀቷን ውድቅ አድርጎ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጣት። እናት ያን ባልዲ ለልጇ ክብር ብላ ሦስቴ በአሸዋ ፈትጋው ነበር። የዚንክ ልባጡን ያራገፈው ፍትጊያዋ መሆኑን ስትሰማ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

አልቅሳ ግን አልተቀመጠችም። በልጅነቷ፣ ቢላ ሳይኖራት፣ ዓሣ የምትቀድደው በቀርከሃ ስንጣሪ ነበር። አሁንም ዓሣውን ብረት እንዳይነካው፣ ቀርከሃ ሰንጥቃ በጠርሙስ ስባሪ ሳለችው። ልጅቷ ስንጣሪውን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ውኃውን መረመረች፤ ዚንክ የለበትም። ከፋብሪካው በኩል ሃያ፣ ከማዶ ሃያ ዓሣ በፕላስቲክ ሳፋ መጣ። ኮሚቴው አጠገቧ ቆሞ እያየ አርባውንም ቀደደች፤ አንድ ሐሞት እንኳ አልፈረጠባትም።

ቅጹ ላይ «ናሙናውን ያዘጋጀው ባለሙያ» የሚል መስመር ነበር። ልጅቷ የእናቷን አውራ ጣት በቀለም ነክራ እዚያ ላይ አሳረፈችው። እናት ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ያንቺን ስም ጻፊ ብላ ተግደረደረች።

«እማዬ፣ እኔ የመረመርኩት አንቺ ያየሽውን ነው» አለቻት።

ውጤቱ አዳራሽ ውስጥ ተነበበ። የማዶው ዓሣ ደህና ነው፤ በፋብሪካው በኩል የተያዘው ዓሣ ጉበት ግን አምስት እጥፍ ዚንክ ይዟል። የፋብሪካው ሰው ናሙናውን ያዘጋጀችው ባለሙያ ተነሥታ ትጠየቅልኝ አለ። እናት ተነሣች።

«በምን ቀደዱት?»

«በቀርከሃ።»

«ብረት የሚባል ነገር አልነካውም?»

«ነክቶታል እንጂ፣ ልጄ። የነካው ግን እኔ እጅ ሳይገባ ነው፤ ገና ውኃ ውስጥ እያለ።»

ሰውየው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ቧንቧው እንዲዘጋ ሲያዝ እናት አልሰማችውም፤ ልጇን እያየች ነበር፤ ልጇ ፊት ወንበር ላይ ሆና አንገቷን አዙራ ላጠገቧ ሰው ሁሉ «እናቴ ናት» እያለች ትናገር ነበር።