አርባ ስምንተኛው ፋይል

መሐንዲሷ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። አርባ ሰባት። መሆን የነበረባቸው አርባ ስምንት ናቸው።

የምትሠራው ተማሪዎች ሰፊውን መንገድ የሚሻገሩበትን የእግረኛ ድልድይ ነው። ኮምፒውተሩ ድልድዩን ወደ ሺህ ትንንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ፣ ልዩ ልዩ ጫና ሲመጣበት የቱ ጋ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያሰላል። ውጤቱን አንድ በአንድ በእጅ ማውጣት ቀኗን ስለሚበላው፣ ለእያንዳንዱ ጫና ፋይል እየከፈተ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ጽፋ ነበር። ያን ዕለት ለእህቷ ሳይቀር ደውላ ጉራዋን ነዝታለች።

ስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ስህተቱን አገኘችው። "ሕዝብ" ብላ የሰየመቻቸው ጫናዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሲታጎር፣ ሌላው ድልድዩን እኩል ሲሞላው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሁለተኛው ፋይል የመጀመሪያውን ደምስሶ ቦታውን ይዟል። የምሰሶዎቹ የፌሮ ብረት የተሰላው ክፉው ጫና፣ የአንድ ጎኑ፣ ሳይታይ ነው።

የግራው ምሰሶ ኮንክሪት የሚሞላው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። እንደገና ማስላት ደግሞ አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

ወደ ቢሮው ኃላፊ ሮጠች።

"ጋሼ፣ አንድ ጫና ሳናየው አልፏል።"

"ከአርባ ስምንት አንድ?" መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ልጄ፣ እኛ መቼም ለጥንቃቄ ትርፍ ሳንይዝ አንሠራም። አስዪውና እናወራለን።"

"እስካሰላው ይሞላላ!"

"አታካብጂ እንጂ።"

ተመልሳ ስሌቱን አስጀመረች። ሦስት በመቶ። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። አራት በመቶ። ስልኳን አንሥታ ግንባታው ቦታ ላለው ፎርማን ደወለች።

"ወንድሜ፣ ምሰሶውን እንዳትሞሉት።"

"ምን ነካሽ ኢንጂነር? የኮንክሪት ሚክሰሩ እኮ በር ላይ እየዞረ ነው!"

"አውቃለሁ። አርባ ደቂቃ ስጠኝ።"

"ሾፌሩ በቁሜ ሊበላኝ ነው። ማን አስቆመው ልበል?"

"ኢንጂነሯ በል።"

ውጤቱ ወጣ። ምሰሶው ስድስት ፌሮ ይጎድለዋል። ለፎርማኑ መልሳ ደውላ ነገረችው።

"እና ጉድለቱን ኮንክሪት ውስጥ ልንቀብረው ነበር?"

"ነበር።"

"በቃ፣ ሚክሰሩን ወደ መውጫ ደረጃው መሠረት አዞረዋለሁ። አንቺ አዲሱን የፌሮ ሥዕል ላኪ።"

ኃላፊው መጥተው ስክሪኑን ቆመው አዩት። መነጽራቸውን አውርደው ቁጥሩን ደግመው አነበቡት።

"ተርፈናል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ በሩ እየሄዱ፣ "ለድልድዩ አሠሪ ሥራው ለምን እንደቆመ ደብዳቤ ጻፊ። ሶፍትዌሩ ፋይል አበላሸ በይና ዝጊው። ማንም አይጠይቅሽም።"

"ሶፍትዌሩ ባጋጠመው ችግር ምክንያት" ብላ ጀመረች። ጣቶቿ ቆሙ። ሶፍትዌሩ ያዘዘችውን ነው ያደረገው።

መስመሩን አጠፋችው። "ሁለት ጫናዎችን በአንድ ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች፤ ኃላፊው ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ደብዳቤውን ላከችው።